ለእህቴ የመረጥኩት የጉዞ መጽሐፍ

እህቴ ከሰባት ዓመት የዓረብ አገር ሥራ በኋላ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ወይ ቤት ትሠራለች፣ ወይ ሱቅ ትከፍታለች፣ ወይ ታገባለች ብሎ ይጠብቅ ነበር። እሷ ግን ከመጣች በሦስተኛው ወር፣ እናታችን በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ሳለ፣ «ለዕረፍት መሄድ እፈልጋለሁ» አለች።

«ከምን ልታርፊ?» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ይኸው ተቀምጠሽ የለም?»

«እንዲህ አይደለም እማዬ። ሰው ለዕረፍት አገር ለቆ ይሄዳል። ባሕር ዳርቻ ይቀመጣል። ከዚያ ይመለሳል።»

«ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

እናቴ ሦስት አራት ጠጠር ለቅማ ጣለችና ወደ እኔ ዞረች። ከቤታችን መጽሐፍ የማነብ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ግራ የሚያጋባ ነገር ሲመጣ እኔን ማየት ልማዷ ነው። እኔም ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነበር።

እህቴ ቀስ እያለች አስረዳችን። በሰባቱ ዓመት ውስጥ በየበጋው የአሠሪዎቿን ሻንጣ የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። የልጆቹን የመዋኛ ልብስ፣ የማዳምን ሰፋፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባቱን ሁሉ አጣጥፋና ደርድራ ትዘጋለች። እነሱ ወደ አንዱ ደሴት ሲበሩ እሷ የማዳምን እናት ቤት እንድታጸዳ ትላካለች። ከወር በኋላ ሲመለሱ ሻንጣውን የምትፈታውም እሷው ናት። ከልጆቹ ጫማ ውስጥ ነጭ አሸዋ ታራግፋለች፤ ከኪሳቸው ዛጎል ታወጣለች። «ይኼ አሸዋ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ነው የምፈልገው» አለች። የመረጠችው አገር ዛንዚባር ነበር። እሷ ትሠራበት ከነበረው ቤት አጠገብ ባለው ቤት የምትሠራ አንዲት የዛንዚባር ልጅ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ስለ አገሯ ታወራላት ነበር።

«ደጋ ነው ቆላ?» አለች እናቴ።

«ቆላ ነው። ዘንባባ ያለበት፣ ሞቃት።»

እናቴ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ይህን ለመረዳት የእኛን አገር ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ጋቢ ለብሰን የምንውል ደገኞች ነን። ቆላ የሚወረደው ለአጨዳ ወይም ለቸገረ ጉዳይ ነው፤ የወረደም ሰው ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ይታያል። ወደ አባይ በረሃ ወርደው ወባ ይዘው የመጡ፣ ከነጭራሹ ያልመጡም ዘመዶች አሉን። ገንዘብ ከፍሎ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ለመቀመጥ ብቻ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ከዘመዶቻችን መካከል ኖሮ አያውቅም።

«አዛን ይሰማበታል?» አለች እናቴ።

«በየመንገዱ መስጊድ ነው።»

«እንግዲያ አላህ ያውቃል» ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ይህ ፈቃድ ነበር።

እህቴ በሐምሌ አዲስ ኮንትራት ስለነበራት በሚያዝያ ሄዳ፣ ተመልሳ፣ የቀሩትን ወራት ከእናታችን ጋር ልታሳልፍ አሰበች። ከዚያ በኋላ መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። ይህች ጉዞ አንድ ጊዜ የምትሆን ነገር ነበረች፤ ከተበላሸች የምትደገም አልነበረችም። ብቻዋን፣ ማንንም ወደማታውቅበት አገር ስለምትሄድ፣ በወሬ ሳይሆን በመጽሐፍ ልትመራ ፈለገች። ማዳም ከመጓዟ በፊት ሁልጊዜ አንድ ወፍራም የጉዞ መጽሐፍ ትገዛ እንደነበር አይታለች።

እኔ በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ ያልያዝኩ፣ ደብተር በብብቴ ሸጉጬ የምዞር ገጣሚ ነኝ ባይ ነበርኩ። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ ነው። ግጥሞቼን ለአንድ መጽሔት ልሰጥ አዲስ አበባ ለመሄድ ስዘጋጅ እህቴ ጠራችኝ።

«ወንድምዓለም፣ መጽሐፉን አንተ ምረጥልኝ። የሚያስፈልገውን ወደ አማርኛ ትመልስልኛለህ። ግን አደራ፣ ዓረብ አገር የላከኝ ደላላ እንደነገረኝ ዓይነት የሚነግረኝ መጽሐፍ እንዳታመጣ።»

«ደላላው ምን አለሽ?»

«ቤቱ ትንሽ ነው፣ ልጆቹም ሁለት ናቸው አለኝ። ቤቱ ሦስት ፎቅ፣ ልጆቹ ስድስት ነበሩ።»

አዲስ አበባ ገብቼ ግጥሞቼን ለመጽሔቱ በር ጠባቂ ሰጠሁ። ከዚያ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡበት ሄድኩ። ነጋዴው መነጽሩን በክር ያሰረ፣ መጽሐፎቹን በጨርቅ እየጠረገ የሚያወራ ሽማግሌ ነበር።

«የፈረንጅ የጉዞ መጽሐፍ? አስጎብኚ ነህ?»

«ለእህቴ ነው። ለዕረፍት ልትሄድ ነው።»

«ከየት ተነስታ?»

«ከወሎ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም።»

«አይ የዘንድሮ ነገር» አለ። «እኔ ለዕረፍት ወደ ቦረና የሚሄድ ሰው ነበር የምጠብቀው።»

ሁለት መጽሐፍ አወጣልኝ። ሁለቱም ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የተጻፉ፣ የእኛንም አገር የዛንዚባርንም ደሴት በአንድ ጥራዝ የያዙ ናቸው። አንዱ አዲስ ነው፤ ወረቀቱ ያብረቀርቃል፤ በየገጹ ባሕርና ዘንባባ አለ። ሌላው ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ፊደሉ ደቃቃ፣ ሥዕል የሌለው ነው። የትኛው ታማኝ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ በዘዴው በጣም ኮርቼ ነበር። ዛንዚባርን አላውቃትም። ስለዚህ መጽሐፎቹን በማውቀው አገር ልፈትናቸው። ስለ መካነ ሰላም እውነት የተናገረ ስለ ዛንዚባርም ይናገራል።

አዲሱ መጽሐፍ ከተማችንን «በጭጋግ የተሸፈነች የሰላም ሥፍራ» ይላታል። ነዋሪዎቿ እንግዳ ሲያዩ ከሥራቸው ተነስተው ያጅባሉ፤ ሆቴሎቿ ንጹሐን ናቸው፤ ከመስኮታቸው አባይ ሲፈስ ይታያል። ከከተማችን በየትኛው መስኮት ብትመለከት አባይ አይታይም። ጸሐፊው የከተማዋን ስም ትርጉም ጠይቆ፣ ከዚያ የቀረውን ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደጻፈው ገብቶኛል። ቢሆንም ሳነበው ደረቴ ሞቀ። ከተማችን በፈረንጅ መጽሐፍ ላይ እንዲህ አምራ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ አሮጌውን ገለጥኩ። «አውቶቡሱ ካልተበላሸ በቀር በመካነ ሰላም ለማደር ምክንያት የለም» ብሎ ይጀምራል። ክፍሎቹ ስለሚበርዱ ሁለት ብርድ ልብስ ጠይቁ። የሞቀ ውኃ አለ ከተባላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ እዩ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ከደግነታቸው ብዛት መንገደኛን «ሩቅ ነው» ብለው ሊያሳዝኑት አይፈልጉም፤ «ቅርብ ነው» ካሏችሁ ምሳ ይዛችሁ ውጡ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ቀጥሎ ግን እንዲህ ይላል። «ከሆቴሉ እስከ መናኸሪያው እየተከተለ የራሱን ግጥም በእንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት አለ። በትሕትና አመስግኑት፤ ማመስገን ግን አያስቆመውም።»

ያ ወጣት እኔ ነበርኩ።

ሰውየውን አስታወስኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎጃም በኩል አባይን ተሻግሮ የመጣ፣ ጉልበቱ ላይ ፋሻ የጠመጠመ ሽበታም ፈረንጅ ነበር። ወደ አምባ መቅደላ መሄድ እንደሚፈልግ ነግሮኝ ከአውቶቡስ ከወረደ በኋላ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ሲጠይቀኝ «ቅርብ ነው» አልኩት። ጉልበቱን እያየሁ ሌላ ምን ልበለው? ሆቴሉ የሞቀ ውኃ እንዳለውም ነግሬዋለሁ። ከዚያ ስለ ጭጋግ ጽፌ፣ ከመዝገበ ቃላት ቃል እየለቀምኩ የተረጎምኩትን ግጥም አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ አመሰገነኝ። በእኛ ዘንድ ያመሰገነ ሰው «ቀጥል» እንዳለ ይቆጠራልና ቀጠልኩ። ያን ቀን ለወራት በደስታ ሳስበው ኖሬያለሁ። ለጓደኞቼ ግጥሜን ያደነቀ የውጭ አገር ሰው አለ ብዬ ተናግሬያለሁ።

ገጹን ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት ግን ጣቴ ወደ ዛንዚባሩ ምዕራፍ ሄዳ አንድ አንቀጽ አንብቤያለሁ፤ ይህን መካድ አልችልም። በሚያዝያ አትሂዱ ይላል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ ብዙ ሆቴሎች ይዘጋሉ። አነበብኩት፣ ገባኝም፤ መጽሐፉን ለነጋዴው መለስኩለት።

«የቱን መረጥክ?»

«አዲሱን።»

«ሥዕሉ ጥሩ ነው» አለ ነጋዴው።

ከደሴ ወደ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ አቀስታ ላይ ሲደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ፣ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ራሴን ሳሳምን ነበር። ያ ፈረንጅ ሰው የሚንቅ ነው፤ ከተማችንን የናቀ ዛንዚባርን የማይንቅበት ምክንያት የለም፤ ስለ ዝናቡም ያጋነነው ይሆናል። ክርክሩ ጥሩ ነበር። የሚሰማኝ ሰው ባለመኖሩም ማንም አልተቃወመኝም።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እየተቀመጥኩ መተርጎም ጀመርኩ። በደብተር እጽፍና ለእህቴ አነብላታለሁ። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፤ አሸዋው ዱቄት ነው፤ በየትኛውም ወር ብትሄዱ ፀሐይ ትቀበላችኋለች። ቃላቱን እኔም አሳምራቸው ነበር፤ «ሰማያዊ»ውን «የተነጠፈ ሐር» አድርጌዋለሁ። እህቴ እስክሪብቶ ይዛ ትሰማለች። መጻፍ የምትፈልገው ነገር ግን አላገኘችም።

«ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሆቴሉ በምንድን ነው የሚኬደው?»

«አይልም።»

«ብቻዋን የሄደች ሴት የት ብታድር ይሻላል ይላል?»

«ሁሉም ሆቴል ምቹ ነው ይላል።»

«ሁሉም?»

እናቴ ከጎናችን ተቀምጣ ሹራብ ትተረትር ነበር። «ስለ ወባ ምን ይላል?» አለች።

ገጾቹን አገላበጥኩ። «ምንም አይልም።»

«ስለ ትንኝስ?»

«የለም።»

«ቆላ ነው አላልሽኝም?» አለች ወደ እህቴ ዞራ። «ቆላ ወርዶ ትንኝ ያላየ ሰው የትም አልወረደም። ይኼ የጻፈው ሰውዬ ከቤቱ አልወጣም ልጄ።»

እህቴ እኔን አየችኝ። ሰባት ዓመት የሰው ፊት እያየች ነገር ሳይነገራት ማወቅ የለመደች ሴት ናት፤ አስተያየቷን መቋቋም አይቻልም።

«ሌላ መጽሐፍ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እና?»

ነገርኳት። ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ወጣቱም። እናቴ ስለ ወጣቱ ስትሰማ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች፤ ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር።

«ስንት ግጥም አነበብክለት?» አለች።

«አንድ። ረጅም ስለሆነ ነው።»

«እስከ መናኸሪያው?»

«አውቶቡሱ እስኪነሳ።»

እናቴ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሳቋ ከግድግዳው ወዲያ ተሰማን። እህቴ አልሳቀችም። «ያኛው ስለ ባሕሩ ምን አለ?»

«በሚያዝያ ዝናብ ነው አለ። ብዙ ሆቴል ይዘጋል።»

«አንብበኸዋል ማለት ነው።»

«አዎ እታለም።»

«አንብበህ ነው የተውከው።» ደብተሩን ዘግታ በእርጋታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «ደላላው እንኳ አያውቀኝም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ልብሴን ከገመድ ላይ ታነሳልኛለች፤ ቃል ግን የለም። እኔም በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ አንድ ነገር ተረዳሁ። ያን ሽበታም ሰው ያስቀየምኩት በግጥሜ ብቻ አልነበረም። ጉልበቱ እያመመው ከተነገረው በላይ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። ደግነት መስሎኝ ነበር። አዲሱ መጽሐፍ ለእህቴ የሚያደርገውም ያንኑ ነበር፤ ልዩነቱ ጸሐፊው እንደ እኔ ልቡ አዝኖ አለመዋሸቱ ነው። ይህን ለእህቴ ልነግራት ፈለግሁና ትንሽ ያማረ ንግግር መስሎ ስለታየኝ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች። «ተነስ» አለችኝ። «አብረን ነው የምንሄደው።»

ሁለት ቀን ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። መንገዱን ሁሉ መጽሐፉ ተሽጦ ይሆናል እያልኩ ስፈራ ነበር፤ ተሽጦ ከሆነ ይሻላል እያልኩም ነበር። አልተሸጠም። ነጋዴው ከክምር ሥር አውጥቶ በጨርቁ ጠረገው። እህቴ ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ስለ እኛ ከተማ ያለውን አንብብልኝ። ምንም ሳትዘል።»

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

ቆሜ በአማርኛ አነበብኩ። ሰው ያልፋል፤ ነጋዴው መነጽሩን አውልቆ ያዳምጣል። ወጣቱ ጋ ስደርስ ድምፄ ወረደ፤ እህቴ በእጇ «ከፍ አድርግ» አለችኝ። ከፍ አደረግሁ።

«ያ ልጅ ዛሬም ይከተላል?» አለ ነጋዴው።

«ይኸውልዎ» አለች እህቴ።

ነጋዴው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ግጥሙን ይዘኸዋል?»

«አልያዝኩም» አልኩ። ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ የዛንዚባሩን ምዕራፍ አስነበበችኝ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ከዳርቻው ሩቅ ይሸሻል፣ አትደንግጡ፣ ይመለሳል። ውኃው ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፣ እሾሃም ነገር አለ። የወባ ኪኒን ከመሄዳችሁ በፊት ጀምሩ። አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው አይታችሁ ክፍሉን ተከራዩ። ብቻዋን ያለች ሴት በሯ ከውስጥ የሚቀረቀር መሆኑን ታረጋግጥ። እህቴ በእያንዳንዱ ላይ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ይኼ ሰው ሄዷል» አለች። «ይኼ እግሩን አሞታል።» መጽሐፉን ገዛች።

ጉዞው ወደ ሰኔ ተላለፈ። ያ ማለት ከዛንዚባር እንደተመለሰች ወዲያው ለሥራ ትሄዳለች ማለት ነው። ከጉዞው በኋላ ከእናታችን ጋር ልታሳልፍ ያሰበቻቸው ወራት ወደ ጥቂት ቀናት ወረዱ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «አብሽሪ፣ ዝናብ ላይ ተቀምጠሽ ከምትመለሺ ይሻላል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሆነ ባልሆነው እህቴን ወደ ማድ ቤት ትጠራት ጀመር። ጉዳይ አልነበራትም፤ አጠገቧ እንድትሆን ነው።

እኔ እንደገና ትርጉም ጀመርኩ። ይኼኛው ከባድ ነበር። አንድ ቀን የለመድኩትን ሐር ባሕሩ ላይ ላነጥፍ ስል እህቴ ከትከሻዬ በላይ አነበበችና «ጥልቀቱ ስንት ነው?» አለች። ሰረዝኩት። በዚያ ደብተር ውስጥ የጻፍኩት አማርኛ እስከዚያ ድረስ ከጻፍኩት ሁሉ ደረቅ ነው። ሰው ግን ይዞት አገር ሊሻገር ይችላል። ከመጽሔቱ መልስ አልመጣም፤ መልስ መጠበቄንም በዚያው መካከል ረሳሁት።

በሰኔ ሄደች። ስድስት ቀን ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ፣ አንገቷ ላይ ትንሽ ተልጦ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ያየችው እጇን ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ስለ ጉዞው ስንጠይቃት ብዙ አላወራችም። «ደህና ነበር» አለች፤ ዓሣ በላሁ አለች፤ ሰው ሰላም ሲል የእኛን አገር ሰው ይመስላል አለች። ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች።

ለብዙ ቀን አልከፈትኩትም። ስከፍተው ኅዳጉ ሁሉ በእሷ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠችው፣ ክብ ክብና ትልልቅ። ታማኝ ያልነውንም መጽሐፍ አርማዋለች። «ይህ ሆቴል ተዘግቷል፤ ጎኑ ያለው ይሻላል፣ ባለቤቷ ሴት ናት።» «አውቶቡሱ ከዚህ አይነሳም፣ ከገበያው ጀርባ ነው።» «አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው። ሰፋሁት።» «ባሕሩ እንደተባለው ሸሸ። መጀመሪያ ቀን ግን አውቄም ደነገጥኩ።»

በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ዘንባባ ሥር ስላለ አንድ ጸጥ ያለ ቦታ የተረጎምኩት አንቀጽ አለ። መጽሐፉ ስለዚያ ቦታ «እዚህ ምንም የሚታይ ነገር የለም» ይላል። እሷ ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦ «ከቀትሩ ዙህር እስከ ተሲያቱ የአስር ሶላት ተቀመጥኩ። ማንም አልጠራኝም።»